በደም ውስጥ የሚዞሩ የካንሰር ሴሎች አልገኝ ሲሉ፦ ችግርና መፍትሄ

ላብራቶሪያችሁ ከከተማው ዳር ከሆነ፣ ቱሉ ዲምቱ ወይም ለገጣፎ በሉት፣ ሥራው ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ናሙናው ማሽኑ ጋ ሳይደርስ ነው። አንቲቦዲውን፣ ማለትም የካንሰር ሴሉን ለይቶ የሚይዘውን ፕሮቲን፣ ከመጠርጠራችሁ በፊት ደሙ እንዴት እንደመጣ ጠይቁ።

ምልክት፦ ቆጠራው ዜሮ ነው

መጀመሪያ ቲዩቡን እዩ። ተራው ኢዲቲኤ (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ኬሚካል ያለበት ቲዩብ) ከሆነ ሴሎቹ በሰዓታት ውስጥ መበላሸት ይጀምራሉ። ጠዋት መሃል ከተማ የተቀዳ ደም በቃሊቲ መንገድ መጨናነቅ ከሰዓት ከደረሰ፣ ዜሮው ከዚያ ሊመጣ ይችላል። ሴልሴቭ የተባለው፣ ሴሎችን የሚጠብቅ ኬሚካል ያለበት ቲዩብ እስከ 96 ሰዓት ያቆያል፤ ከ15 እስከ 30 ዲግሪ ውስጥ ግን መቆየት አለበት። በረዶ ላይ አታስቀምጡት። በኅዳር ሌሊት ማሞቂያ የሌለው ክፍል ራሱ ከ15 በታች ሊወርድ ስለሚችል ቴርሞሜትር ይኑራችሁ። ሴሎቹን በሕይወት ማሳደግ ከፈለጋችሁ ይህ ቲዩብ አይሆንም።

ቲዩቡ ደህና ከሆነ ሴሎቹን የምትይዙበትን ዘዴ ፈትኑ። በጤነኛ ሰው ደም ላይ የታወቀ ቁጥር ያላቸው ኤምሲኤፍ-7 ሴሎች (በላብራቶሪ የሚያድጉ የጡት ካንሰር ሴሎች) ጨምሩና ስንቱ እንደተመለሰ ቁጠሩ። ከተመለሱ ዘዴያችሁ ይሠራል። ሆኖም እንደ ሴልሰርች (እነዚህን ሴሎች የሚቆጥር ማሽን) ያለው ዘዴ ሴሉን የሚይዘው በሴሉ ላይ ባለው ኤፕካም በተባለ ፕሮቲን ነው። አንዳንድ የካንሰር ሴሎች ደግሞ ይህን ፕሮቲን ይጥላሉ። ያኔ በመጠን የሚለይ ማጣሪያ ሞክሩ።

አንድ ነገር አደራ። በ7.5 ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ምንም አለመገኘቱ ካንሰር የለም ማለት አይደለም። በተሰራጨ የጡት ካንሰር 5 እና ከዚያ በላይ መገኘት የበሽታውን ክብደት ያሳያል እንጂ፣ ዜሮ ለታማሚዋ «ነጻ ነሽ» የሚያሰኝ ውጤት አይደለም።

ምልክት፦ ፕላዝማው (የደሙ ፈሳሽ ክፍል) ቀይ ሆኗል

ቀይ ሴሎች ፈርሰዋል። ቀጭን መርፌ፣ በኃይል መሳብ፣ ቲዩቡን መናጥ፣ ኮረኮንች መንገድ። ቲዩቡን ቀስ አድርጋችሁ ገልብጡ፣ ሲጓዝ ቀጥ ብሎ እንዲቆም በስፖንጅ አስደግፉት።

ምልክት፦ በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ «የካንሰር ሴል» ታየ

መርፌው የቆዳ ሴል ይዞ ገብቶ ይሆናል። የመጀመሪያውን ቲዩብ ለሌላ ምርመራ ተዉትና ሁለተኛውን ተጠቀሙ። ካልሆነ ነጭ የደም ሴል ሊሆን ይችላል። እውነተኛው የካንሰር ሴል ኒውክለስ (የሴሉ እምብርት) አለው፣ ለሳይቶኬራቲን (ከቆዳና ከውስጥ አካላት ሽፋን ሴሎች የሚገኝ ፕሮቲን) በሚደረገው ቀለም ያበራል፣ ለሲዲ45 (የነጭ የደም ሴል መለያ ፕሮቲን) በሚደረገው ግን አያበራም። የሲዲ45 ቀለም ብርሃን ላይ ቆይቶ ከደበዘዘ ግን ነጩ ሴል የካንሰር ሴል መስሎ ያልፋችኋል። ስለዚህ በየዙሩ የጤነኛ ሰው ስላይድ አብራችሁ ቀቡ። እዚያ ላይ ነጮቹ በሲዲ45 ካላበሩ የዚያን ቀን ቆጠራ አትመኑት።