በጣና ገዳማት ሥዕሎች ላይ ጌጥንና ምልክትን እንዴት እንደሚያነቡ

ከባሕር ዳር በጀልባ ተሻግረው ዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሲገቡ፣ የመቅደሱን ግድግዳ ከላይ እስከ ታች የሞላው ሥዕል በአንድ ጊዜ ሊታይ ስለማይችል፣ ታሪኩን ከመጠየቅዎ በፊት ከፊቶቹ ይጀምሩ። ጻድቃንና መላእክት ፊታቸው ሙሉ ሆኖ ሁለት ዓይናቸው ይታያል፤ አጋንንትና ጌታን የሚገርፉት ግን አብዛኛውን ጊዜ በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላሉ። ከዚያ መለያዎቹን ይፈልጉ፦ ነጩ ፈረስ የቅዱስ ጊዮርጊስ፣ ጥቁሩ የቅዱስ መርቆሬዎስ ነው፤ በአንበሶችና በነብሮች መካከል የቆሙት ጸጉራማው አባት አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ሲሆኑ፣ ከዓይናቸው ውኃ የምትጠጣ ወፍም ልታዩ ትችላላችሁ።

ቀጥሎ ልብሱንና መደቡን፣ ማለትም ከምስሎቹ ጀርባ ያለውን ቀለም፣ ቀርበው ይመርምሩ፤ በእኔ አስተያየት ዘመንን ከሁሉ በተሻለ የሚናገሩት እነዚህ ናቸው። በቀደመው የጎንደር አሣሣል መደቡ ጥላ የሌለው ደማቅ ቀለም ነው፤ የልብሱም እጥፋት በትይዩ መስመሮች ብቻ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1730 ዳግማዊ ኢያሱ ነግሠው እናታቸው እቴጌ ምንትዋብ መንግሥቱን ከያዙ ወዲህ በተስፋፋው አሣሣል ግን መደቡ ከቢጫ ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ቀይ ቀስ እያለ ይለወጣል፣ ጉንጭና አንገት ጥላ ይወጣላቸዋል፣ የእመቤታችን ቀሚስም እንደ ውጭ አገር ሐር በአበባ ያጌጣል። ጠርዙ የተላጠ ቦታ ካጋጠመዎ በእጅ ሳይነኩ ይመልከቱ፤ ሥዕሉ በግድግዳው ላይ በተለጠፈ የጥጥ ጨርቅ ላይ መሠራቱን የሸማው ድርና ማግ ያሳያል።

በብራና መጻሕፍት ገጽ አናት ላይ የምናውቀው ሐረግ የተባለው የተጠላለፈ ጌጥ በግድግዳም ላይ በጠባብ መቀነት መልክ ሲመጣ፣ አንዱን ታሪክ ከሌላው የሚለይ ድንበር ይሆናልና ዓይንዎ እሱን ይከተል።

በመጨረሻ ወደ ታችኛው ጠርዝ ያጎንብሱ። ሥዕሉን ያሠራው ሰው ከቅዱሳን አንሶ፣ በግንባሩ ተደፍቶ ይሣላል፤ በደቅ ደሴት ናርጋ ሥላሴ ምንትዋብ ራሳቸው በእመቤታችን እግር ሥር እንዲህ ይታያሉ። ጫማ ማውለቅና የካሜራ ብልጭታ ማጥፋት ግዴታ ነው፤ ሴቶች ደግሞ ወደ ክብራን ገብርኤል ገዳም እንደማይገቡ አስቀድመው ይወቁ።