ዩኬ ውስጥ የቤታችሁን መብራትና ጋዝ ማን እንደሚሸጥላችሁ ካላወቃችሁ፦ ችግሩና መፍትሄው

አገር ቤት መብራት ማለት መብራት ኃይል ነው፣ አለቀ። እዚህ ግን ከጎረቤታችሁ ጋር አንድ ግድግዳ እየተጋራችሁ መብራት የምትገዙት ከተለያየ ካምፓኒ ሊሆን ይችላል፣ እዛው አንድ ቤት ውስጥ ራሱ ጋዙ ካንዱ መብራቱ ከሌላው ይመጣል። አዲስ ቤት የገባ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ይሄንን ስለሆነ አንዴ ጠቅለል አርጌ ልጻፈው። የምጽፈው ስለ እንግሊዝ፣ ስኮትላንድና ዌልስ ነው፣ ሰሜን አየርላንድ አሰራሩ ሌላ ነው።

ሁሉም ይሰራል፣ ቢል ግን አይመጣም

ምክንያቱ፦ የድሮው ተከራይ ሲወጣ ሰፕላየሩ፣ ማለትም መብራቱን ወይም ጋዙን የሚሸጠው ካምፓኒ፣ አብሮት አይወጣም። ቁልፍ ከተረከባችሁበት ቀን ጀምሮ ምንም ሳትፈርሙ የዛው ሰፕላየር ደንበኛ ሆናችኋል፣ ዲምድ ኮንትራት ይሉታል። ስማችሁን ስለማያውቁ ነው ዝም ያሉት እንጂ ቆጣሪው እየቆጠረ ነው። እኔ የመጀመሪያ ቤቴ ስገባ ካልጠየቁኝ ምን አስጨነቀኝ ብዬ ሰባት ወር ተቀመጥኩ፣ ከዛ «ለነዋሪው» የሚል ፖስታ መጣ፣ ስከፍተው የከባድ እዳ ቢል። የገባሁ ቀን ቆጣሪው ስንት ላይ እንደነበር ስላልያዝኩ ከኔ በፊት የነበረው ሰው የተጠቀመው የቱ ጋ እንዳበቃ ማሳየት አልቻልኩም፣ የሱንም ጭምር ከፈልኩ። እስካሁን ይቆጨኛል።

መፍትሄው፦ ምንም ነገር ከማድረጋችሁ በፊት አሁኑኑ የሁለቱንም ቆጣሪ ፎቶ አንሱ፣ ቁጥሩ በደንብ ይታይ። ከዛ ለጋዝ ፋይንድ ማይ ሰፕላየር የሚባል ዌብሳይት አለ፣ ፖስትኮድና አድራሻ ስታስገቡ የካምፓኒውን ስም ይነግራችኋል። ለመብራት ደግሞ የሚጠየቀው የአካባቢው ኔትወርክ ኦፕሬተር ነው፣ ማለትም የሽቦው ባለቤት፦ አብዛኛው ለንደን ዩኬ ፓወር ኔትወርክስ፣ በርሚንግሃም ናሽናል ግሪድ፣ ማንቸስተር ኤስ ፒ ኤሌክትሪሲቲ ኖርዝ ዌስት፣ ሊድስና ኒውካስል ኖርዘርን ፓወርግሪድ። ደውላችሁ «የቤቴ መብራት ሰፕላየር ማነው፣ የኤምፓን ቁጥሬስ ስንት ነው» በሉ፣ በቃ፣ ኤምፓን ማለት የቤታችሁ የመብራት መስመር መለያ ቁጥር ነው። ሰፕላየሩን ካገኛችሁ በኋላ የገባችሁበትን ቀንና የቆጣሪውን ንባብ ስጧቸው። ዲምድ ኮንትራት ላይ ስላላችሁ ሌላ ካምፓኒ መቀየር ብትፈልጉ የመውጫ ቅጣት የለም።

ደወልኩ፣ «እኛ አይደለንም» አሉኝ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ቆጣሪው ላይ ላንዲስ ጊር ወይም ኤልስተር ተጽፎ ካያችሁ ያ የቆጣሪው ፋብሪካ ነው፣ ሻጫችሁ አይደለም። ኔትወርክ ኦፕሬተሩም ሽቦውን ይጠግናል እንጂ ቢል አይልክም። መብራት ሲጠፋ 105 ነው የሚደወለው፣ ጋዝ ከሸተታችሁ ደግሞ 0800 111 999፣ ሁለቱም ሰፕላየራችሁ ማንም ይሁን ማን ይሰራሉ። ጋዝ ሸቷችሁ ካምፓኒ ፍለጋ ውስጥ እንዳትገቡ፣ መስኮት ከፍታችሁ ውጡና ከውጪ ደውሉ።

ቁጥር ይጠይቁኛል፣ የሰጠኋቸው ልክ አይደለም ይላሉ

ቆጣሪው ላይ የምታዩት የቆጣሪው ሲሪያል ነምበር ነው። የመብራቱ ኤምፓን 13 አሃዝ ነው፣ ቢሉ ላይ ትልቅ የኤስ ፊደል ያለበት ሳጥን ውስጥ የታችኛው መስመር ላይ ይገኛል። የጋዙ መለያ ቁጥር ኤም ፒ አር ኤን ይባላል፣ ከ6 እስከ 10 አሃዝ ነው። ቢል ከሌላችሁ ላንድሎርዱን ወይም ኤጀንሲውን የድሮ ቢል ጠይቁ።

ካርድ ስሞላ ገንዘቡ ይቆረጣል

ፕሪፔይመንት ቆጣሪ፣ ማለትም ቀድማችሁ ገንዘብ የምትሞሉበት፣ ከሆነ የድሮው ተከራይ እዳ ቆጣሪው ላይ ተጭኖ ቀርቶ ይሆናል፣ በሱ የቆጣሪ ቁልፍ ወይም ካርድ በሞላችሁ ቁጥር የሱን እዳ እየከፈላችሁ ነው። አትሙሉበት። ሰፕላየሩ ጋ ደውላችሁ የገባችሁበትን ቀን በቴናንሲ ኮንትራቱ አሳዩ፣ እዳው እንዲነሳና አዲስ ቁልፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ።

ላንድሎርዱ የነገረኝ ካምፓኒ የለም

ከ2021 ጀምሮ የጋዝ ዋጋ ሲንር ብዙ ትናንሽ ካምፓኒዎች ከስረዋል፣ ደንበኞቻቸውን ተቆጣጣሪው ኦፍጌም ወደ ሌላ አዛውሯል። በልብ (Bulb) የሚባለው ካምፓኒ ከወደቀ በኋላ ደንበኞቹ ወደ ኦክቶፐስ ሄዱ፣ የሼል ኢነርጂ የቤት ደንበኞችም እንደዛው። ስለዚህ የድሮ ስም ሲነገራችሁ ከላይ ባልኩት መንገድ አጣሩ። የጋዝ ስም ጭራሽ ካልተገኘ ደግሞ ቤቱ ጋዝ ላይኖረው ይችላል፣ አዳዲስ ፎቆች ላይ ሙቀቱ ለህንጻው በጋራ ነው የሚመጣው፣ እሱን ሰፕላየር መቀየር አይቻልም።

ሰፕላየሩን አውቄያለሁ፣ ቢሉ ግን የኔ አይመስልም

ፎቅ ቤት ላይ ቆጣሪዎቹ ምድር ቤት ተደርድረው ሲሆኑ የጎረቤት ቆጣሪ በእናንተ ስም ሊመዘገብ ይችላል። መጀመሪያ ቢሉ ላይ ያለውን ሲሪያል ነምበር ከቆጣሪው ጋር አስተያዩ። ከዛ አንድ ሰው ቤት ይቁም፣ እናንተ ቆጣሪው ጋ ቁሙ። ቤት ያለው ሰው ዋናውን ማጥፊያ ሲያጠፋው ቆጣሪው ላይ ብልጭ ድርግም የምትለው ቀይ መብራት ማቆም አለባት፣ እናንተ ቤት ጨለማ ሆኖ እሷ ብልጭ ድርግም ማለቷን ከቀጠለች የምትከፍሉት የሌላ ሰው ነው። ቪዲዮ ቅረጹና ለሰፕላየሩ በጽሁፍ አመልክቱ። በነሱ ጥፋት ከሆነ ቢል ሳይልኩ ከ12 ወር በላይ ላለፈ ፍጆታ ማስከፈል አይችሉም፣ ይሄንን ጥቀሱላቸው። 8 ሳምንት አልፎ ካልፈቱት ኢነርጂ ኦምቡድስማን የሚባለው የቅሬታ ዳኛ ጋ በነጻ መሄድ ይቻላል፣ ከዛ በፊት ምክር ከፈለጋችሁ ደግሞ ነጻ ምክር የሚሰጠው ሲቲዝንስ አድቫይስ በእንግሊዝና በዌልስ 0808 223 1133 ነው፣ እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ አትፈሩ።