አዲስ ስፒከር ሳሎን ውስጥ እንዴት እንደሚስተካከል

ስፒከር የገዛ ሰው ቤቱ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ ይታወቃል። ካርቶኑን ይቀድዳል፣ ሁለቱን ስፒከሮች ቡፌው ላይ ከቴሌቪዥኑ ግራና ቀኝ ይደረድራል፣ ከዚያ ድምፁን ይለቀዋል። ትንሽ ቆይቶ «ሱቅ ውስጥ እንዲህ አልነበረም እኮ» ይላል። ሻጩ አላታለለውም። ስፒከሩ ያው ነው፤ የተለወጠው ክፍሉ ነው።

ካዛንቺስ ወይም ፒያሳ በድሮ የጭቃ ቤት ሙዚቃ ሲሰማ የኖረ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል። ጣውላ ወለሉ፣ አቡጀዲ ኮርኒሱና የጭቃ ግድግዳው ድምፅ ይውጣሉ። ያው ቴፕ ልደታ ኮንዶሚኒየም ሲገባ ይጮሃል። ብሎኬት፣ ሴራሚክና መስታወት ድምፅን አይውጡም፣ መልሰው ይወረውሩታል እንጂ። ስለዚህ ሌላ ስፒከር ከማማረጣችሁ በፊት ያለውን አንቀሳቅሱት። ጥቂት ሴንቲሜትር የሚያመጣውን ለውጥ ብዙ ብር አያመጣውም፤ ይህን ከልቤ ነው የምለው።

ከመሰካታችሁ በፊት

ዕቃው በዘመድ እጅ ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። የእኛ መብራት 220 ቮልት ነው፣ የእነሱ 120። ጽሑፉ 120 ብቻ የሚል ከሆነ ያለ ትራንስፎርመር እንዳትሰኩት፤ ወዲያው ይቃጠላል። የትራንስፎርመሩ ዋት ማጉያው (አምፕሊፋየሩ) ከሚፈልገው ከፍ ያለ ይሁን። አንዳንዱ ማጉያ የቮልት መቀየሪያ አለው፤ እሱን መጀመሪያ አስተካክሉ።

ሽቦውን ስታገናኙ ማጉያው ከሶኬት የተነቀለ ይሁን። ለሳሎን ርቀት 1.5 ወይም 2.5 ካሬ ሚሊሜትር የሆነ የመዳብ ሽቦ ይበቃል፤ በወርቅ ዋጋ የሚሸጥ ገመድ አያስፈልግም። ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር ይገናኝ። የተላጡት የሽቦ ጫፎች እርስ በርስ እንዳይነካኩ እያንዳንዱን ለብቻው ጥቅጥቅ አድርጋችሁ ጠምዝዙት፤ ከተነካኩ ማጉያው ሊበላሽ ይችላል።

በአንዱ ስፒከር ላይ ብቻ ቀይና ጥቁሩ ከተገለበጠ ሙዚቃው አይቆምም፣ ግን ይበላሻል። አንዱ ስፒከር አየር ሲገፋ ሌላው ይስባል። ባሱ፣ ማለትም ወፍራሙ ድምፅ፣ ይሳሳል፣ የዘፋኙ ድምፅም ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ ዓመታት ይሰማል። ከተጠራጠራችሁ በአንዱ በኩል ብቻ ገልብጣችሁ ሞክሩ። ባሱ የሚወፍርበት ነው ትክክለኛው።

ከቡፌው አውርዱት

ቡፌ ለብርጭቆና ለፎቶ እንጂ ለስፒከር አልተሠራም። ሳጥኑ አብሮ ይርገበገባል፣ ብርጭቆው ይንጫረራል፣ መደርደሪያው ውስጥ የገባ ስፒከር ደግሞ ድምፁ ይታፈናል። ብረት በያጅ ወይም አናጺ ጋ ሄዳችሁ ሁለት ማቆሚያ አሠሩ። ቁመቱን ለማወቅ ሶፋው ላይ ተቀምጣችሁ ከወለሉ እስከ ጆሯችሁ ያለውን ለኩ። አብዛኛውን ጊዜ ከ90 እስከ 100 ሴንቲሜትር ይሆናል። ትዊተሯ፣ ማለትም ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣው ትንሿ ክብ፣ እዚያ ከፍታ ላይ መዋል አለባት። ማቆሚያው ቱቦ ብረት ከሆነ ውስጡን በደረቅ አሸዋ ሙሉት፤ መንቀጥቀጡን ያቆማል። ስፒከሩ ሥር ቀጭን ላስቲክ ጣል አድርጉ።

ሦስት ማዕዘን

የነገሩ ልብ እዚህ ነው። ሁለቱ ስፒከሮችና የእናንተ ጭንቅላት ጎኖቹ እኩል የሆኑ ሦስት ማዕዘን ይሥሩ። በስፒከሮቹ መካከል 2 ሜትር ካለ ከእያንዳንዳቸው እስከ እናንተም 2 ሜትር ይሁን። በዓይን አትገምቱ፣ በሜትር ለኩ። አንዱ በ10 ሴንቲሜትር ከቀረበ ድምፁ ሁሉ ወደዚያ ያዘነብላል።

ለመፈተን የጥላሁን ገሠሠን ወይም የብዙነሽ በቀለን የድሮ ሥራ ክፈቱ። ከድሮዎቹ ሸክላዎች ብዙዎቹ በሞኖ የተቀረጹ ናቸው፤ ሁለቱም ስፒከሮች አንድ ዓይነት ድምፅ ያወጣሉ ማለት ነው። አቀማመጡ ከተስተካከለ ድምፁ ከግራም ከቀኝም አይመጣም። ምንም ስፒከር በሌለበት መሃል ላይ፣ ዘፋኙ ቆሞ የሚዘፍን ያህል ይሰማችኋል። ድምፁ ወደ አንድ ጎን ከሸሸ ወይም ከተበተነ መለካት ይቀራችኋል። አዲስ ሙዚቃ ብቻ ካላችሁ ስልካችሁ ሴቲንግ ውስጥ ሞኖ የሚለውን ለጊዜው አብሩት።

ቀጥሎ የስፒከሮቹን ፊት ወደ ጆሯችሁ አዙሩ። ቀጭኑ ድምፅ ከከረረባችሁ ትንሽ በትንሽ ወደ ውጭ መልሷቸው። ይሄ በጆሮ እንጂ በቁጥር አይሠራም።

ግድግዳና ባስ

ስፒከር ግድግዳ በተጠጋ ቁጥር ባሱ ይወፍራል። ማዕዘን ውስጥ ከተሸጎጠ ደግሞ ይብሳል። ከጀርባው ግድግዳ በ30 ሴንቲሜትር ጀምሩና በ5፣ በ5 ወደ ፊት እያመጣችሁ ስሙ። ከኋላው የአየር ቀዳዳ ያለው ስፒከር የበለጠ ርቀት ይፈልጋል።

የባሱን ልክ ለማወቅ የማምነው መሣሪያ በገና ነው። 10 አውታሮቹ የሚነዝሩት ከሥራቸው በሚደረጉ ትንንሽ ቆዳዎች ምክንያት ነው። ስፒከሩ ቦታው ላይ ከሆነ ንዝረቱ ጥርት ይላል፣ አንዱን አውታር ከሌላው ትለያላችሁ፣ ደርዳሪው ሲተነፍስ እንኳ ይሰማል። ግድግዳ ከተጠጋ ሁሉም አውታር አንድ ላይ ይዋጥና ጉምጉምታ ብቻ ይቀራል። ያን ጊዜ 10 ሴንቲሜትር ወደ ፊት ጎተት አድርጉት።

የመቀመጫችሁም ቦታ ወሳኝ ነው። እኛ ቤት ሶፋ ግድግዳ ለግድግዳ ነው የሚደረደረው። ጭንቅላታችሁ ግድግዳ ሲነካ ባሱ ይበዛል፤ ክፍሉ እኩሌታ ላይ ስትቀመጡ ደግሞ የተወሰነው ባስ ጨርሶ ይጠፋል። ለምሳሌ ርዝመቱ 4 ሜትር በሆነ ክፍል 43 ኸርዝ (በሰከንድ 43 ጊዜ የሚነዝር) አካባቢ ያለው ወፍራም ድምፅ ግድግዳው ጋ ያገሳል፣ መሃል ላይ የለም። ሶፋውን ቢያንስ 30 ሴንቲሜትር ከግድግዳው አላቁት። እንግዳ ሲመጣ መመለስ ይቻላል።

ክፍሉን ማለዘብ

ሳሎኑ መሃል ቆማችሁ አንዴ አጨብጭቡ። ከጭብጨባው በኋላ የሚንጫጫ ድምፅ ከተከተለ ዕቃ ያንሰዋል። በእናንተና በስፒከሮቹ መካከል ያለውን ሴራሚክ ወፍራም ምንጣፍ ያልብሰው። መስኮቱ ላይ ከስስ መጋረጃ ይልቅ ወፍራም ስቀሉ። የጎን ግድግዳውን ለማወቅ አንድ ሰው መስታወት ይዞ ግድግዳውን ተከትሎ ይሂድ፣ እናንተ ከተቀመጣችሁበት ተመልከቱ። ስፒከሩ መስታወቱ ውስጥ የታየበት ቦታ ድምፁ ነጥሮ ወደ እናንተ የሚመጣበት ነው። እዚያ የመጽሐፍ መደርደሪያ ወይም ወፍራም ጥልፍ ይሁን። የእንቁላል ካርቶን መለጠፍ ግን ልፋት ብቻ ነው፤ ባሱን አይነካውም።

ማጉያውና ቁልፎቹ

የባስና የትሬብል (የቀጭኑ ድምፅ) ቁልፎችን መሃል ላይ አድርጉ፣ ሜጋ ባስ የሚባለውንም አጥፉ። ቁልፍ የሚነካው አቀማመጡ ካለቀ በኋላ ነው። በብሉቱዝ ከሆነ የስልኩን ድምፅ ወደ ላይ አድርጋችሁ መጠኑን ከማጉያው ተቆጣጠሩ።

ማጉያው ላይ ዳንቴል አታልብሱ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሙቀት ቶሎ አይወስድም። ከላዩ ቢያንስ 10 ሴንቲሜትር ክፍት ይተዉለት። መብራት ሲሄድ ከሶኬቱ ንቀሉት፣ ሲመጣም ትንሽ ቆይታችሁ መልሱት።

ሰብዉፈር፣ ማለትም ባስ ብቻ የሚያወጣ ስፒከር፣ ካላችሁ ቦታ የምትፈልጉለት እንዲህ ነው። ሰብዉፈሩን እናንተ የምትቀመጡበት ሶፋ ላይ አስቀምጡና ባስ ያለው ሙዚቃ ክፈቱ። ከዚያ ወለሉ ላይ በእጅና በጉልበት እየሄዳችሁ ስሙ። ባሱ እኩልና ጥርት ብሎ የተሰማችሁ ቦታ ላይ ሰብዉፈሩን ትክሉት። መቁረጫውን፣ ማለትም ሰብዉፈሩ እስከ የትኛው ድምፅ እንደሚሠራ የሚወስነውን ቁልፍ፣ በ80 ኸርዝ ጀምሩ። ኮንዶሚኒየም ከሆነ ሥሩ ወፍራም ስፖንጅ አድርጉ፤ ባስ በኮንክሪቱ አልፎ ከታች ያለው ጎረቤት ጣሪያ ላይ ይሰማል። ማታ ማታ እሱን አጥፍቶ በሁለቱ ስፒከር ብቻ መስማት ይበቃል።

ሁሉም ቦታ ቦታውን ሲይዝ የማቆሚያዎቹን እግርና የሶፋውን ጠርዝ ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጉበት። ለበዓል ቤት ሲጸዳ ሁሉም ነገር መነሳቱ አይቀርም፤ ምልክቱ ካለ ግን ያጸዳው ሰው ራሱ ቦታው ይመልሰዋል።