የሞላ ሆድ፣ የጎደለ ምግብ፦ ለሕፃናት ምግብ ሲዘጋጅ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2019 በኢትዮጵያ በተካሄደው የሕዝብና ጤና ዳሰሳ፣ ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት መካከል 37 በመቶ ያህሉ ቀንጭረው ተገኝተዋል። ለዚህ ድህነትም፣ ድርቅም፣ ተደጋጋሚ ሕመምም ድርሻ አላቸው፤ ይሁን እንጂ ምስርና እንቁላል በማይጠፋበት ቤት እንኳ ለሕፃኑ የሚደርሰው ውሃ የበዛበት አጥሚትና የወጥ መረቅ ብቻ የሚሆንበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። እንዲህ ዓይነቱ ጉድለት የሚመጣው ከገንዘብ እጦት ይልቅ ከልማድ ነው።

ቀድሞ ወይም ዘግይቶ መጀመር

6 ወር እስኪሞላው ድረስ የእናት ጡት ወተት ብቻውን ይበቃዋል። ለአራስ ቅቤ ማስዋጥ፣ የስኳር ውሃ ወይም የአብሽ ውሃ ማጠጣት ለተቅማጥ ከማጋለጡም በላይ ጡት የመጥባት ፍላጎቱን ይቀንሳል። መዘግየትም የዚያኑ ያህል ይጎዳል፤ ሕፃኑ ሲወለድ በሰውነቱ ይዞት የመጣው ብረት 6 ወር ገደማ ላይ እየተሟጠጠ ስለሚሄድና በጡት ወተት ውስጥ ያለውም ጥቂት ስለሆነ፣ «ጥርስ ያውጣና እንጀምርለታለን» እያሉ እስከ 9 ወር ማቆየት ለደም ማነስ ይዳርገዋል። ምግብ ተጀመረ ተብሎ ጡት መከልከል ግን አይገባም፤ እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ሊቀጥል ይችላል።

አጥሚቱን ማቅጠን

ከሁሉ የከፋው ይህኛው ይመስለኛል፣ ምክንያቱም ጉዳቱ አይታይም። 7 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ሆዱ በአንድ ጊዜ የሚይዘው 200 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ ያችን ጠባብ ቦታ ውሃ ከሞላት ሕፃኑ ጠግቦ ይተኛል፣ እናቱም በልቷል ብላ ትረካለች፣ ሰውነቱ ግን የሚያድግበት አላገኘም። አጥሚት የሚቀጥነው ብዙውን ጊዜ በጡጦ እንዲወርድ ተብሎ ነው፤ ጡጦ ደግሞ ለማጽዳት አስቸጋሪ በመሆኑ ከነጭራሹ ቀርቶ በሲኒና በማንኪያ ቢተካ ይመረጣል። ትክክለኛው ውፍረት የሚታወቀው በማንኪያ ተጨልፎ ማንኪያው ዘንበል ሲደረግ ቶሎ የማይፈስ ሲሆን ነው። ሕፃኑን ለመዋጥ ካስቸገረው፣ ጠላ የሚጠመቅበት ቤት ሁሉ የሚያውቀው የገብስ ብቅል መፍትሔ ይሆናል፦ ገንፎው ከእሳት ወርዶ ለብ ሲል አንድ የሻይ ማንኪያ የብቅል ዱቄት ጨምሮ ማማሰል፣ ከዚያም መልሶ ለጥቂት ደቂቃ ማንተክተክ ነው። ብቅሉ ስታርቹን ስለሚሰባብረው፣ የዱቄቱ መጠን ሳይቀነስ ገንፎው ይለሰልሳል። በላዩ ጥቂት ቅቤ ወይም ዘይት ቢጨመርበት ደግሞ ኃይል ሰጪነቱ ይጨምራል።

የእህሉን ቁጥር ማብዛት

ጤፍ፣ ገብስ፣ ስንዴ፣ በቆሎ፣ ማሽላና አጃ አንድ ላይ ተፈጭተው «ምጥን» ሲባሉ የተሟላ ምግብ የተዘጋጀ ይመስላል፤ ነገር ግን ሁሉም የእህል ወገን ናቸው፣ የሚጎድላቸውም አንድ ዓይነት ነው። ሦስት እጅ እህል ከአንድ እጅ ሽምብራ፣ ምስር ወይም ባቄላ ጋር ቢመጠን፣ በእህሉ ውስጥ የሚያንሰውን ላይሲን የተባለ የፕሮቲን ክፍል ጥራጥሬው ይሞላዋል። ለውዝ የሚጨምሩ ሰዎች የሻገተውን አንድ በአንድ ለቅመው ሊጥሉት ይገባል፤ በሻጋታው የሚፈጠረው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ለውዙን በመቁላት አይጠፋም። ዱቄቱ የቱንም ያህል ቢመጠን ደግሞ ዱባን፣ ካሮትን፣ ጎመንንና ፓፓያን አይተካም።

መረቁን ሰጥቶ ሥጋውን ማስቀረት

«ሥጋ ሆዱ አይችለውም» የሚለው አባባል ብዙ ሕፃናትን ከሚያስፈልጋቸው ምግብ ለይቷቸዋል። 6 ወር የሞላው ሕፃን በደንብ የበሰለና የላመ ሥጋ፣ ጉበትና እንቁላል መፍጨት ይችላል። በመረቅ የራሰ ፍትፍት ጣዕም ይኖረዋል፣ ብረቱና ፕሮቲኑ ግን በአብዛኛው ሥጋው ውስጥ እንደቀረ ነው። ስለዚህ ከወጡ ውስጥ ጥቂት ሥጋ አውጥቶ በደቃቁ ከትክቶ ከፍትፍቱ ጋር ማሸት፣ የሽሮውንም ላይ ላዩን ሳይሆን ወፍራሙን መጨለፍ ያስፈልጋል።

ጉዳዩ ይበልጥ የሚከብደው በጾም ወራት ነው። ጾሙ ሕፃናትን እንደማይመለከት እናቶች አጥተውት አይደለም፤ የሚያስቸግራቸው ቤተሰቡ የሚመገብበት ዕቃ በቅቤና በሥጋ እንዳይነካ መጠንቀቃቸው ነው። ይህ ጥንቃቄ ሊከበር የሚገባው ስለሆነ፣ ለሕፃኑ ብቻ የምትሆን ትንሽ ድስት፣ ሳህንና ማንኪያ ለብቻ ማስቀመጥ መፍትሔ ይሆናል። እንቁላል ከነቅርፊቱ ሲቀቀል ደግሞ ድስቱን እንኳ አይነካውም።

ሻይና የላም ወተት

በሻይ ያለው ታኒን ብረት ወደ ሰውነት እንዳይገባ ስለሚያግድ፣ ዳቦ በሻይ እያራሱ ማብላት ቢቀር ይሻላል። የላም ወተትም ብረቱ አነስተኛ ስለሆነ 1 ዓመት ሳይሞላው ዋና መጠጡ መሆን የለበትም። ማር ደግሞ፣ ለመድኃኒትነትም ቢሆን፣ ከ1 ዓመት በፊት ጨርሶ አይሰጥም፤ ቦቱሊዝም የተባለውን አደገኛ ሕመም ሊያስከትል ይችላል።

መጋትና በሕመም ጊዜ ምግብ መቀነስ

ሕፃንን አስተኝቶ በእጅ መጋት ለትንታ ከማጋለጡም በላይ ምግብን ያስጠላዋል፤ አስቀምጦ፣ ዓይን ዓይኑን እያዩና እያጫወቱ፣ ፊቱን ሲያዞር ትንሽ ቆይቶ ደግሞ መሞከር ይሻላል። ተቅማጥ ወይም ትኩሳት ሲይዘው «ሆዱ ይረፍ» ተብሎ ምግብ የሚከለከልበትም ልማድ አለ፤ ያን ጊዜ ጡቱ ቶሎ ቶሎ፣ ምግቡም ጥቂት ጥቂት እየተደረገ መሰጠት አለበት። ሲሻለው፣ ለ2 ሳምንት ያህል በቀን አንድ ተጨማሪ ማዕድ ቢጨመርለት በሕመሙ ጊዜ የቀነሰውን ክብደት ለመመለስ ይረዳዋል።