በቤት የተሠራ የሞተር አቧራ መከላከያ ሲያስቸግር፤ ከምልክቱ ወደ መፍትሄው

በሪሞት የሚነዳ መኪና ሞተር ከመሬት ከፍ የሚለው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ጎማዎቹ የሚያስነሱት አቧራ ቀድሞ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። ስለዚህ ሞተሩን በስቶኪንግ፣ በስስ ወንፊት ጨርቅ ወይም በስፖንጅ መሸፈን ጥሩ ሥራ ነው፤ እኔም አጥብቄ እመክረዋለሁ። የሚያሳዝነው ግን አቧራ ያልገደለው ሞተር በሽፋኑ ምክንያት ሲቃጠል ማየት ነው። ሞተር የሚቀዘቅዘው በአየር ነው። ካርቦን (ኤሌክትሪክ ወደሚዞረው ክፍል የሚያደርስ፣ እየተፈጋ የሚያልቅ ቁራጭ) ያለው ሞተር ደግሞ ከውጭ ከሚገባው ሌላ ራሱም በውስጡ አቧራ ያመርታል። ሽፋኑን እንደ ክዳን የሚያስብ ሰው ሙቀቱንም ይህን አቧራም ውስጥ ይዘጋባቸዋል፤ እንደ ማጣሪያ የሚያስብ ግን አየሩን አስገብቶ አቧራውን ያስቀራል። ከታች የተዘረዘሩት ችግሮች አብዛኞቹ የሚመነጩት ይህን ልዩነት ከመዘንጋት ነው።

ወደ ምልክቶቹ ከመግባታችን በፊት ሞተራችሁን አገላብጣችሁ እዩት። በብዙ መኪኖች ላይ የሚገኘውና 540 የሚባለው መጠን 36 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት አለው፤ በቆርቆሮው ጎንና በኋላ ክዳኑ ላይ ቀዳዳዎች ይኖሩታል። ሽፋን የሚያስፈልገው እንዲህ ያለው ነው። ካርቦን ከሌላቸው፣ ብረሽለስ ከሚባሉት ሞተሮች መካከል ቆርቆሯቸው ሙሉ በሙሉ የተዘጋ አሉ። ቀዳዳ የሌለውን ሞተር መሸፈን ምንም አይጠቅምም። ሙቀቱ የሚወጣው በቆርቆሮው በኩል ብቻ ስለሆነ ጨርቁ ብርድ ልብስ ይሆንበታል። እንዲህ ያለ ሞተር ካላችሁ ሽፋኑን አውልቁት፤ ችግሩ እዚያው አለቀ።

ሞተሩ ከወትሮው በላይ ይሞቃል

በብዛት የሚያጋጥመው ይህ ነው፤ በችኮላ የሚፈረድበትም ይህ ነው። ሽፋኑን ከመክሰሳችሁ በፊት ፈትኑት። መኪናውን ሙሉ በተሞላ ባትሪ፣ አቧራ በሌለበት ቦታ፣ ለተወሰነ ደቂቃ ከነሽፋኑ ንዱና የሞተሩን ሙቀት ለኩ። ሞተሩ ፈጽሞ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ፤ ባትሪውን እንደገና ሙሉ። ከዚያ ያለ ሽፋን በዚያው ቦታ ለዚያው ደቂቃ ንዱና ደግማችሁ ለኩ። ሳይነካ የሚለካ ቴርሞሜትር ካለ መልካም ነው። ከሌለ ጣታችሁን በጥንቃቄ ቆርቆሮው ላይ አሳርፉ፤ ለሁለትና ለሦስት ሰከንድ እንኳን ማቆየት ካቃታችሁ 60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ደርሷል ወይም አልፏል ማለት ነው። በውጭ የሚለካው ሙቀት ከ80 ዲግሪ እንዲያልፍ አትፍቀዱ፤ ውስጡ ከዚያ በላይ ይሞቃልና። በብረሽለስ ሞተሮች ውስጥ ያለው የኒዮዲሚየም ማግኔት ተራው ዓይነት ከሆነ ከ80 ዲግሪ በላይ ኃይሉን ለዘለቄታው ማጣት ይጀምራል። ያጣውን ደግሞ ስለቀዘቀዘ መልሶ አያገኘውም።

ሁለቱ ልኬቶች ከተቀራረቡ ሽፋኑ ነጻ ነው፤ ምክንያቱን ሌላ ቦታ ፈልጉት። በሞተሩ ዘንግ ላይ ያለችው ትንሿ ጥርስ፣ ፒኒየኗ፣ ትልቅ ሆና ይሆናል፤ አንድ ወይም ሁለት ጥርስ በምታንስ ቀይሯት። ከትልቁ ጥርስ ጋር ተጨናንቃም ሊሆን ይችላል። ሞተሩን ስታስሩ በሁለቱ ጥርሶች መካከል ስስ ወረቀት አስገብታችሁ ብሎኖቹን አጥብቁ፤ ወረቀቱ ሲወጣ የሚቀረው ክፍተት ትክክለኛው ነው። ኋላ ጎማዎቹንም በእጅ አሽከርክሯቸው። የሚያዝ ነገር ካለ አንዱ ኩሽኔታ ደርቋል ወይም በአቧራ ተይዟል።

ልኬቶቹ በግልጽ ከተለያዩ ግን ጥፋቱ የሽፋኑ ነው። አውልቁትና ወደ አፋችሁ አስጠግታችሁ በጨርቁ ውስጥ እፍ በሉ። ትንፋሻችሁ ሳይቸገር ማለፍ አለበት። ስፖንጅ ከሆነ ውሃ አፍስሱበት፤ ውሃው በውስጡ ካለፈ ቀዳዳዎቹ እርስ በርስ የተያያዙ ናቸው። ላዩ ላይ ከቆመ ግን የዕቃ ማሸጊያ ዓይነት ስፖንጅ ነው፤ አየር ስለማያሳልፍ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ጨርቁ ጥሩ ሆኖ ሳለ አሠራሩ የሚያበላሸውም አለ። ስቶኪንግ ቀዳዳው ላይ ተለጥፎ ሲወጠር አየር የሚያስገባው በቀዳዳዋ ስፋት ልክ ብቻ ነው፤ የቀረው ጨርቅ ቆርቆሮ ላይ ተኝቶ ያለ ሥራ ይውላል። ጨርቁን ከቀዳዳው ላይ ሦስት ወይም አራት ሚሊ ሜትር ከፍ ብታደርጉት ግን የተወጠረው ጨርቅ በሙሉ አየር ያሳልፋል፤ ቶሎም አይደፈንም። ለዚህ በቀዳዳዎቹ ግራና ቀኝ አየር ከሚያሳልፍ ስፖንጅ የተቆረጠ ቀለበት አስቀምጡና ጨርቁን በላዩ ወጥሩት። ከውሃ ጠርሙስ በተቆረጠ ፕላስቲክ አትሥሩት፤ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ባለው ሙቀት ለስልሶ ይጣመማል። የቆርቆሮ ቁራጭም አትጠቀሙ፤ ተንሸራቶ የሞተሩን ሽቦዎች ሊያገናኝ ይችላል። ቀዳዳ የሌለው የቆርቆሮው ክፍል ደግሞ ራቁቱን ይቅር፤ ሙቀት የሚያወጣው እሱ ነው።

ሽፋን እያለ ውስጡ አቧራ ነው

ሽፋኑን ከማውለቃችሁ በፊት ዙሪያውን በመብራት እዩት። አየር ሾልኮ በሚገባበት ቦታ አቧራው ወደ ውስጥ የሚያመለክት ቀጭን መስመር ሠርቶ ይገኛል። መስመሩ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ሽቦዎቹ በሚወጡበት ወይም ሞተሩ ከሻንሲው ጋር በሚታሰርበት በኩል ነው። ለሽቦዎቹ የተሠራው ቀዳዳ ሰፊ ከሆነ ጨርቁን ሰፍታችሁ አጥብቡት ወይም በላስቲክ ከሽቦዎቹ ጋር እሰሩት። በማሰሪያው በኩል ከሆነ የጨርቁን ጠርዝ በሞተሩና በሻንሲው መካከል አታስገቡ፤ ሞተሩ ተጣሞ ይታሰርና ጥርሶቹን ይበላቸዋል። ጠርዙ ከማሰሪያው ፊት በላስቲክ ይያዝ።

መስመር ካልታየና አቧራው እንደ ዱቄት የደቀቀ ከሆነ ጨርቁ ሳስቷል ማለት ነው። ሁለተኛ ድርብ ጨምሩና የሙቀቱን ፈተና እንደገና አድርጉ። እጅግ የደቀቀውን አቧራ ሁሉ አስቀርቶ በቂ አየር የሚያሳልፍ ጨርቅ ስለሌለ የቀረውን የሚሠራው ጽዳት ነው።

በነዳጅ የሚሠሩ መኪኖችን የለመዱ ሰዎች ስፖንጁን ዘይት ይቀቡታል። ለነዳጅ ሞተር ማጣሪያ ትክክል ነው፤ ለኤሌክትሪክ ሞተር ግን አታድርጉት። ዘይቱ ወደ ውስጥ ተስቦ ከካርቦን ብናኝ ጋር ሲገናኝ ጥቁር ጭቃ ይሆናል፤ ያ ጭቃ ደግሞ ኤሌክትሪክ የሚያልፍበትን መንገድ ያበላሻል።

ካርቦን ያለው ሞተር ይደክማል ወይም በጣት ካልተገፋ አይነሳም

ሽፋኑን አውልቁና ገልብጡት። የውስጥ ፊቱ ብዙ የሚናገረው አለ። ቡናማ ወይም ግራጫ ከሆነ አቧራ ከውጭ እየገባ ነው፤ ወደ ላይኛው ክፍል ተመለሱ። ጥቁርና በጣት ሲነካ የሚያንሸራትት ከሆነ ግን ከካርቦኖቹ የተፋቀ ብናኝ ነው። ይህ ብናኝ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። መውጫ ሲያጣ ካርቦኑ በሚፈጋበት በኮሙቴተሩ የመዳብ ክፍሎች መካከል ያሉትን ቀጫጭን ክፍተቶች ይሞላል፤ ኤሌክትሪኩም በጠመዝማዛው ሽቦ መዞር ሲገባው በብናኙ በኩል ያቋርጣል። ሞተሩ ባትሪ ይበላል፣ ይሞቃል፣ ጉልበት ግን የለውም።

ባትሪውን ንቀሉ። ቀዳዳዎቹን ወደ ታች አድርጋችሁ በእጅ በሚጨመቅ የአየር ፊኛ ንፉበት፤ ቀጥሎም ደርቆ ቅሪት የማይተው የኤሌክትሪክ ሞተር ማጽጃ ርጩበት። የሚወጣው ፈሳሽ ጥቁር መሆኑ እስኪያቆም ድገሙት። አብዛኞቹ ማጽጃዎች ተቀጣጣይ ስለሆኑ ፈጽሞ ሳይደርቅ ባትሪ አታገናኙ። ማጽጃው የዘንጉን መቀመጫዎች ዘይት አጥቦ ስለሚወስድ በሁለቱም ጫፍ አንድ አንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት ጨምሩ፤ ከጠብታ ካለፈ ወደ ካርቦኑ ይፈሳል።

ሽፋኑ ንጹሕ ሆኖ ሞተሩ ከደከመ ካርቦኖቹን የሚገፉትን የሞላ (ስፕሪንግ) ሽቦዎች ተመልከቱ። በአንዳንድ ሞተሮች ላይ እነዚህ ሽቦዎች በኋላ ክዳኑ ላይ ተጋልጠው ይታያሉ፤ የሽቦው ክንድ በካርቦኑ ጀርባ ላይ ባለች ትንሽ ስርጉድ ውስጥ አርፎ ወደ ኮሙቴተሩ ይገፋዋል። ጠበቅ ያለ የሽፋን ላስቲክ ይህን ክንድ በጥቂት ሚሊ ሜትር ቢያነሳው ካርቦኑ መንካት ያቆማል። ከካርቦኑ የሚወጣውን ለስላሳ ሽቦ በቀስታ ወደ ኋላ ሳቡና ልቀቁት። ካርቦኑ ወዲያው ተስፈንጥሮ መመለስ አለበት። ተንቀርፍፎ ከተመለሰ በቤቱ ውስጥ አቧራ ይዞታል፤ አውጥታችሁ ቤቱን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። ጤናማ ከሆነ ደግሞ ላስቲኩን ሞላዎቹን ወደማይነካበት ቦታ አዛውሩት።

ብረሽለስ ሞተር ሲነሳ ይንቀጠቀጣል ወይም ይፍቃል

መጀመሪያ ሽቦዎቹን ፈትሹ። ሴንሰር (የዘንጉን አቀማመጥ የሚያነብ መሣሪያ) ያለው ሞተር በስድስት ቀጫጭን ሽቦዎች የሚገናኝ ትንሽ ሶኬት አለው፤ ሽፋኑ ሲጠለቅ ወይም ሲወልቅ ተጎትቶ የሚላቀቀው እሱ ነው። ሶኬቱን ንቀሉ፣ በለስላሳ ብሩሽ ጥረጉ፣ እስከ መጨረሻው ግፉት። ከሦስቱ ወፋፍራም ሽቦዎች አንዱ ከላላም ሞተሩ ባለበት ይንቀጠቀጣል እንጂ አይዞርም። ሴንሰር የሌለው ሞተር ቀስ ብሎ ሲነሳ ትንሽ መንገጫገጩ ግን ተፈጥሮው ነው፤ በሽፋኑ አታመካኙ።

ዘንጉን በእጅ ስታዞሩት የመፈጨት ድምፅ ካለ ብረት ያለበት ጥቁር አሸዋ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ማግኔቱ አጥብቆ ስለሚይዘው በአየር አይወጣም። ሞተሩ የሚፈታ ከሆነ ፈታችሁ በማግኔቱ ላይ የሚያጣብቅ ፕላስተር ደጋግማችሁ ለጥፉና አንሱ። ሽፋን ትልቁን ውለታ የሚውለው በእንዲህ ያለ መሬት ላይ ነው፤ ያን አሸዋ በውጭ ፊቱ ላይ ተጣብቆ ስታዩት ሥራውን እየሠራ ነው።

ሽፋኑን ጥርሱ ይይዘዋል

የተተረተረ ክር ወይም የላላ ጠርዝ ነው ምክንያቱ። ከፒኒየኗ በኩል ጨርቁ ቢያንስ አምስት ሚሊ ሜትር ይራቅ። ስቶኪንግ ናይለን ስለሆነ የተቆረጠውን ጠርዝ ከሞተሩ ርቃችሁ ለሰከንድ ወደ ነበልባል አስጠጉት፤ ቀልጦ ይያያዛል፣ አይተረተርም።

የተለጠፈበት ፕላስተር ይላቀቃል

ሙጫው በሙቀት ይለሰልሳል፤ ቀዳዳው ውስጥም ይገባል። ፕላስተሩን ትታችሁ በላስቲክ ወይም በፕላስቲክ የገመድ ማሰሪያ ያዙት።

መኪናው ቆሞ ካረፈ በኋላ ይነሳል

የፍጥነት መቆጣጠሪያው በሙቀት ራሱን እያጠፋ ነው። ሞተሩም ከጋለ መነሻው እዚያ ስለሆነ የመጀመሪያውን ፈተና አድርጉ። ሞተሩ ለብ ብሎ መቆጣጠሪያው ከጋለ የራሱን ማራገቢያ አብራችሁ ሸፍናችሁት እንዳይሆን እዩ።

እርጥበትና ዝገት

እርጥብ ጨርቅ ውሃውን ከሞተሩ ጋር አቅፎ ያድራል፤ ኩሽኔታዎቹም ዝገት ያወጣሉ። ውሃ ወይም ጭቃ ከነካው ከጨዋታው እንደተመለሳችሁ አውልቁት፣ ሞተሩንም አድርቃችሁ ኩሽኔታዎቹን ዘይት አስነኩ። ደረቅ ቢሆንም ሽፋኑ በየጨዋታው መጨረሻ ይውለቅ፤ በለብ ያለ ውሃና በሳሙና ታጥቦ፣ ሳይጨመቅ ተሰቅሎ ይድረቅ። ሁለት ሽፋን ሠርታችሁ አንዱ ሲታጠብ ሌላውን ብትጠቀሙ ከነእርጥበቱ የመግጠም ፈተና አይኖርም። ታጥቦ ከደረቀ በኋላም ትንፋሽ አላሳልፍ ካለ ጣሉትና አዲስ ቁረጡ።