ሊድስ ላይ «ቡታ» ስትሰሙ

ሰሜን እንግሊዝ፣ ሊድስ በገባሁ በሳምንቴ ወጥ ቤት ተቀጠርኩ። ሼፏ በእንግሊዝኛ «ያንን ቡታ አቀብዪኝ» አለችኝ። እኔ ወደ ምድጃው ዞርኩ። ቡታጋዝ ነው እንጂ ሌላ ምን ይመጣልኛል? የፈለገችው ቅቤ ነበር። አገር ቤት የተማርኩት «በተር» ብዬ ነው። አዲስ ለምትመጡ ይህን የምጽፈው ለዚህ ነው።

ትንሽ ደብተር ያዙ። የሰማችሁትን በፊደላችን ጻፉ እንጂ በእንግሊዝኛ አትጻፉ። ስፔሊንጉ ለንደንም ሊድስም አንድ ነው፤ ልዩነቱን ይደብቅባችኋል። «ባስ» እና «ቡስ» ብላችሁ ጎን ለጎን ስትጽፉት ግን ወዲያው ይታያል። ሁለቱም አውቶቡስ ነው። «ካፕ» የምንለው ኩባያ እዚህ «ኩፕ» ነው። ለብዙ የሰሜን ሰው ዕድልና «ተመልከት» የሚሉት ቃላት ሁለቱም «ሉክ» ናቸው። በ«አ» ፈንታ የሚመጣውን ይህን የ«ኡ» ድምፅ ከያዛችሁ ግማሹ መንገድ አለቀ።

ደግሞ ተሳስተው እንዳይመስላችሁ። የቆየው የእነሱ ነው፤ ደቡቡ «አ» ወደሚመስለው የዞረው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው።

ከዚያ «ር»ን አድምጡ። መኪና ለንደን «ካ» ነው፣ ስኮትላንድ፣ ግላስጎው ግን «ካር» ብለው ይጨርሱታል። «ት» ደግሞ ትንከራተታለች። ውሃ ሲሉ ብዙ ለንደኖች ጉሮሯቸው ላይ ይውጧታል፣ «ዎአ» ይሆናል። እህቴ ያለችው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ነው። እዚያ የተወለደው ልጇ «ሲቲ» ሲል «ሲሪ» ነው የሚሰማኝ። ምላሱ የሚነካው እኛ «በሬ» ስንል «ሬ»ን የምንነካበት ቦታ ላይ ነው። በሉትና ሞክሩት።

አንድ ነገር አደራ። ሳይገባችሁ «የስ፣ የስ» አትበሉ። የመድኃኒት መጠን ወይም የሥራ ሰዓት ሊሆን ይችላል። «ያቺን ቃል ብቻ ድገሚልኝ» በሉ፤ ካልሆነም አጽፏት። የራሳችሁን አነጋገር ግን ለማንም ብላችሁ አትቀይሩ።

ልምምዱን አውቶቡስ ላይ ጀምሩ። ሹፌሩ «ሉቭ» ቢላችሁ አትደንግጡ፣ ፍቅር እየጠየቀ አይደለም። እኛ የማናውቃትን ሴት «የኔ እናት» እንደምንለው ነው። የደብተራችሁ የመጀመሪያ ቃል እሱ ይሁን።