በካሊቦ የአቲ አቲሃን በዓል እየጨፈሩ ፎቶ ማንሳት

በፊሊፒንስ፣ በፓናይ ደሴት በምትገኘው የአክላን ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ካሊቦ፣ የአቲ አቲሃን በዓል በየዓመቱ በጃንዋሪ ሦስተኛ እሑድ ይጠናቀቃል፤ ይህም በእኛ አቆጣጠር በጥር የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ይውላል። በዓሉ የሚከበረው ሕዝቡ ሳንቶ ኒኞ ብሎ ለሚጠራው ለሕፃኑ ኢየሱስ ክብር ነው። በዚያው እሑድ የሴቡ ከተማ ሲኑሎግ የተባለውን በዓሏን ለዚሁ ሕፃን ታከብራለች፤ በዋናው ሰልፍ ግን ተመልካቹ ከመንገዱ ዳር ከአጥር ኋላ ይቆማል። በካሊቦ ጎዳናዎች ጨፋሪውን ከተመልካቹ የሚለይ ገመድ እምብዛም አይታይም። መጨፈርንም ፎቶ ማንሳትንም ለሚፈልግ ሰው ካሊቦን የምመርጥለት ስለዚህ ነው።

ካሜራ ከመንካትዎ በፊት የበዓሉን ስም ትርጉም ይወቁ። አቲ አቲሃን ማለት እንደ አቲዎች መሆን ማለት ሲሆን፣ አቲዎች ደግሞ የፓናይ የጥንት ነዋሪዎች ናቸው። በአፈ ታሪኩ መሠረት ከቦርኒዮ የተሰደዱ አሥር አለቆች ቆላማውን መሬት ከአቲዎች በስምምነት አገኙ፤ ኋላም የአቲዎች ሰብል በተበላሸበት ዓመት ከተራራ ወርደው እህል ሲሰጣቸው በምስጋና ጨፈሩ፣ ሰጪዎቹም ፊታቸውን ጥላሸት ቀብተው አብረዋቸው ጨፈሩ ይባላል። ስፔናውያን ክርስትናን ይዘው ከመጡ በኋላ ጭፈራው የሳንቶ ኒኞ በዓል ሆነ። ዛሬ በአደባባዩ ከሁሉ በላይ የሚሰማው ጩኸት «ሀላ ቢራ!» ነው። የእኛ ጆሮ ከመጠጡ ጋር ቢያገናኘውም የቃሉ መንፈስ «በርታ፣ ምታው!» እንደ ማለት ነው። ከእርሱ ጋር «ፑዌራ ፓስማ!» ይባላል፤ ፓስማ ሰውነት ሞቆ ሳለ ብርድ ወይም ውኃ ሲያገኘው ይመጣል ተብሎ የሚታመን ሕመም ነው። ቀኑን ሙሉ በፀሐይና በዝናብ የሚጨፍር ሰው ይህ ሕመም እንዳይነካው የሚጮኸው ጩኸት መሆኑን ሲያውቁ፣ የሚያነሱት ፊት ላይ ያለው ድካም ሌላ ትርጉም ይሰጥዎታል።

ከተማዋ የራሷ አውሮፕላን ማረፊያ አላት፤ በዚያው ደሴት ባለችው በካቲክላን በኩል የሚመጣም በቫን ይደርሳል። ማደሪያ ከወራት በፊት መያዝ አለበት፣ ቢቻል ከካቴድራሉና ከፓስትራና ፓርክ በእግር በሚደረስበት ቦታ፤ ጭፈራው ሲደምቅ ባለ ሦስት እግሯ ትራይሲክል በመሐል ከተማ አታልፍምና። ሐሙስ ቢደርሱ ጥሩ ነው።

የመጀመሪያውን ቀን ካሜራውን ክፍልዎ ውስጥ ትተው ይውጡ። ይህን የምለው ከራሴ ስህተት ተምሬ ነው፦ በመጀመሪያው ጉዞዬ ከጠዋት እስከ ማታ በእግረኛ መንገድ ቆሜ በረጅም ሌንስ አነሳሁ፣ ማታ ስመለከታቸው ግን ላባና ቀለም ነበር እንጂ ወደ እኔ የሚመለከት ሰው አልነበረም። የካሊቦ ጭፈራ ሳድሳድ ይባላል፤ ከበሮውን እየተከተሉ እግርን ከመሬት ብዙም ሳያነሱ እየጎተቱ መራመድ ስለሆነ ማንም በደቂቃዎች ይለምደዋል። የሚገቡበት ቦታ ከአንድ የከበሮ ቡድን ጀርባ ነው። ለውድድር በተዘጋጁ፣ ለአልባሳታቸው በደከሙ ቡድኖች ረድፍ መካከል ግን አይግቡ፤ ወራት የተለማመዱት እንቅስቃሴ በአንድ እንግዳ ይበላሻል። ጣት የሚሸፍን ጫማና ቢቆሽሽ የማይቆጭ ልብስ ይልበሱ፣ ውኃ ይያዙ።

ጥላሸት ስለ መቀባት ጥንቃቄ አስፈላጊ ነው። አቲዎች ዛሬም በፓናይ የሚኖሩ ሕዝቦች ናቸው እንጂ የተረት ሰዎች አይደሉም፤ መልካቸው እንደ አልባሳት መታየቱ ቅር የሚያሰኛቸው ወገኖችም አሉ። እኔ በሆቴል መስታወት ፊት ራስን ቀብቶ መውጣትን አልደግፍም። አብሮዎት የሚጨፍር ሰው በራሱ ጣት ጉንጭዎ ላይ መስመር ቢያሰምርልዎ ግን በምስጋና ይቀበሉ። ከአቲ ማኅበረሰብ የመጡ ሰዎችን ሲያገኙም ፈቃድ ሳይጠይቁ አያንሱ።

በሁለተኛው ቀን አንድ ካሜራና ከ24 እስከ 35 ሚሊሜትር ያለው አንድ ሰፊ ሌንስ ይበቃል። በግፊያ መካከል ሌንስ መቀየር ጥላሸትና ላብ ወደ ካሜራው ውስጥ ማስገባት ነው። ማሰሪያውን በእጅ አንጓ ላይ ይጠምጥሙ፣ በድንገት ለሚጥል ዝናብ የፕላስቲክ ከረጢት በኪስዎ ይያዙ፣ የሞላ ሚሞሪ ካርድ ከካሜራው ጋር አብሮ እንዳይጠፋ በሌላ ኪስ ያስቀምጡ።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ብርሃኑ ነው። ክፈፉ በጥላሸት በጠቆሩ ፊቶች ሲሞላ ካሜራው ቦታው የጨለመ መስሎት ምስሉን ያደምቃል፤ ያን ጊዜ ጥቁሩ ወደ ግራጫ ይለወጣል፣ ነጩ ላባም ነድዶ ዝርዝሩ ይጠፋል። ስለዚህ የብርሃን ማካካሻውን፣ ማለትም ካሜራው የለካውን ብርሃን የሚጨምሩበትን ወይም የሚቀንሱበትን ማስተካከያ፣ ከ0.7 እስከ 1 ወደ ታች ዝቅ ያድርጉ፣ ትኩረቱን በዓይን ላይ ያድርጉ፤ በጠቆረ ፊት ላይ ምስሉን ሕያው የሚያደርገው በዓይን ውስጥ ያለችው የብርሃን ነጥብ ናት። የከበሮውን ዱላ በአየር ላይ ለማቆም 1/500 ሰከንድ የመዝጊያ ፍጥነት ያስፈልጋል፤ እንቅስቃሴውን ለማሳየት ግን ወደ 1/20 ወርደው ካሜራውን ከጨፋሪው ጋር እኩል ያንቀሳቅሱ። ይህ የሚሳካው ሳድሳዱን ራስዎ እየረገጡ ሲሆን ነው፤ እግርዎ ምቱን ስለያዘ ጣትዎም በጊዜው ይጫናል። በቀትር ፀሐይ ከአናት ስለምትወርድ ከባርኔጣና ከላባ ሥር ያለው ፊት ይጨልማል። የተሻለው ጊዜ በእኛ ሰዓት ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊትና ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው።

ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ ደግሞ ሁሉም ነገር ይለወጣል። ፓታፓክ በሚባለው ሥርዓት ምእመናን ተሰልፈው የተቀረጸ የሳንቶ ኒኞ ምስል በራሳቸው፣ በትከሻቸውና በሚያማቸው ቦታ ላይ እንዲደረግላቸው ይጠብቃሉ። ሰልፉ ውስጥ ገብተው ተራዎን ይጠብቁ፤ የሌላ እምነት ተከታይ ቢሆኑም በጸጥታ መቆም ይችላሉ። እዚህ ፍላሽ ፈጽሞ አይጠቀሙ። የታመመ ልጇን ይዛ የምታለቅስ እናት ፊት ላይ ሌንስ መደቀን፣ ፎቶው ምንም ያህል ቢያምር፣ እኔ የማልቀበለው ነገር ነው። እጆችን ያንሱ፣ ምስሉ የሚያርፍበትን ትከሻ ያንሱ፤ ፊት ከፈለጉ ከሥርዓቱ በኋላ ውጭ ላይ ሰላምታ ሰጥተው ይጠይቁ።

እሑድ ከቅዳሴው በኋላ ወደ ማታ የሚደረገው ዑደት የበዓሉ ፍጻሜ ነው። ፀሐይ ከምሽቱ 12 ሰዓት ጥቂት ቀደም ብላ ስትጠልቅ ሻማና ችቦ ይበራል፣ ቤተሰቦችም በየቤታቸው ያኖሩትን ሳንቶ ኒኞ ታቅፈው ይወጣሉ። ለዚህ ብርሃን ብዙ ብርሃን የሚያስገባ 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስና 3200 አይኤስኦ (የካሜራው የብርሃን ትብነት) ይበቃሉ። የቀለም ሚዛኑን በራስ ሰር አይተዉት፤ ካሜራው የሻማውን ወርቃማነት ሊያጠፋው ይሞክራልና በቀን ብርሃን ላይ ያቁሙት። ከሰልፉ ፊት ወደ ኋላ እየተራመዱ ማንሳት ለእርስዎም ለተሸካሚዎቹም አደጋ ስላለው ከጎን አብረው ይራመዱ፣ ሻማ ከገዙም በአንድ እጅዎ ይያዙት፤ ቅርብ ላለ ሰው ፊት ከየትኛውም ፍላሽ የተሻለ ብርሃን ይሰጣል።

እኔ ከዚያ ምሽት ያስቀረሁት አንድ ፎቶ ብቻ ነው። ከአጠገቤ የነበሩ አንድ አዛውንት ክንድ የማትሞላ ትንሽ ምስል ታቅፈዋል፤ ካፊያው እንዳያርሰው ቀይ ካባውን በስስ ፕላስቲክ ጠቅልለውታል። እግራቸው የከበሮውን ምት እየተከተለ ይጎተታል፣ የግራ እጃቸው አውራ ጣት ደግሞ በእያንዳንዱ እርምጃ የምትንቀጠቀጠውን ዘውድ እንዳትወድቅ ደግፎ ይይዛል። በሻማዬ ብርሃን ያነሳሁት ያንን ጣት ነው።